ያልቀላው ፊት

ሽማግሌው ክዎን ብዮንግሆ በመከር በዓል ጠዋት፣ ከአያቶች መታሰቢያ ቤት ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው ድንጋይ አጠገባቸው ወድቋል። ለሙታን የቀረበው ሩዝ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

የኮሪያዋ አንዶንግ ከተማ መርማሪ ፕዮ ማልሱን ስትደርስ ፖሊሱ የሟቹን የልጅ ልጅ ዳኦንን ክንዷን ይዞ ሊወስዳት ነው። ገና የሃያ ዓመት ልጅ፣ ምን ታውቃለች? ጠዋት ከአያቷ ጋር ተጨቃጭቃለች፤ ፊቷም እስከ አንገቷ በርበሬ መስሏል። ፖሊሱ ጥፋቷ ፊቷ ላይ ወጣ ባይ ነው። ሴት አያቷ ኦክቡን ግን ቀሚሷን ጨብጠው አልለቅም ብለዋል።

«ስንት ጠጣሽ?» አለች ፕዮ።

«ከመሥዋዕቱ የሩዝ ጠጅ አንድ ጽዋ። ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል።»

«እኔንም ያደርገኛል።»

ሌላው በቤቱ የነበረው የሟቹ የወንድም ልጅ ኢክሱ ነው፤ የቤተሰቡ መቃብር ያለበትን ኮረብታ እንሽጥ እያለ ሽማግሌውን ዓመት ሙሉ ሲነዘንዝ የከረመው። ሦስት ጽዋ ጠጥቶ ራሱን ስቶ መተኛቱን፣ ጩኸት እንደቀሰቀሰው ተናገረ። ኦክቡንም መሰከሩለት፦ ባለቤታቸው ሲቀዱለት፣ ታናሽ በታላቅ ፊት እንደሚገባው ዞር እያለ ሦስቱንም ጨልጧል።

ፕዮ ግድግዳው ላይ ያለውን የአምና የበዓል ፎቶ አየች።

«እማማ፣ ይሄ ቲማቲም የመሰለው ማነው?»

«ኢክሱ ነዋ። ግማሽ ጽዋ ይበቃዋል፤ ልጆቹ እንኳ ይስቁበታል።»

ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የጠጣነውን ጉበት መጀመሪያ ወደ መርዝ ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ መርዙን ያጠራዋል። አንዳንዶቻችን ግን ማጥሪያውን ደካማ አድርገን ከወላጅ እንወርሳለን። መርዙ ደም ውስጥ ይቆያል፤ ልብ ይመታል፣ ፊት ይቀላል። ዳኦን የቀላችው ስለጠጣች ነው። አቶ ኢክሱ፣ የእርስዎ ፊት ግን ከሦስት ጽዋ በኋላም በንጣቱ ከዚህ ሩዝ አይለይም።»

«ተኝቼ ለቀቀኝ።»

«ከጠጡ ገና አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚህች ጊዜ? እስቲ እጅጌዎን።»

እጁን ሰበሰበ። ፖሊሱ ዳኦንን ትቶ እሱን ያዘው። የበዓል ልብሱ ሰፊ እጅጌ ከውስጥ ርሶ ጠጅ ጠጅ ይሸታል።

«ዞር ባሉ ቁጥር እዚህ ደፉት» አለች ፕዮ። «ሰክሮ ተኝቷል የተባለን ሰው ደረጃው ጋ ነበር ብሎ የሚጠረጥር የለም።»

ኦክቡን የልጅቷን ቀሚስ ቀስ ብለው ለቀቁ።

«በታላቅ ፊት ዞር ብለህ ጠጣ ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነበርኩ» አሉት።

ኢክሱ እንደለመደው ፊቱን አዞረ።