ዓርብ የተበጠበጠው ግራጫ

ኢንስፔክተር ምኞት ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ወዳለው የቡሽራ ጋራዥ ስትገባ አስከሬኑ ነጠላ ለብሶ ነበር። ነጠላው የሟች ሚስት የእየሩስ ነው። ማንንም ሳታስፈቅድ ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችውና ጥግ ካለ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። አታለቅስም። ደፍሮ የሚያናግራትም አልነበረም።

ሟቹ ፍቅሬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከአባቱ የወረሳትን፣ ሰው «ሚሌቼንቶ» የሚላትን አሮጌ ፊያት እንደ ጥንቷ ለማድረግ ሁለት ዓመት ደክሟል። አካሏ ታድሶ፣ ወንበሯ ተሰፍቶ፣ የቀራት ሞተር ብቻ ነበር። ከሰንሰለት ተሰቅሎ የነበረው ያ ሞተር አሁን ከአስከሬኑ አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን አጥናፉ። «ባለጋራዡ ሞተሩን በአሮጌ ሰንሰለት ሰቅሎ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ዘግቶ ጁምዓ ሄደ። ሟች የራሱ ቁልፍ አለው፤ ሰው በሌለበት ገባ፤ ሞተሩ ወደቀበት። ስምንት ሰዓት ከእህቱ ጋር ሲመለሱ ሞቶ አገኙት። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ቡሽራ እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ሥር ቆሟል። ሽበታም፣ ትከሻ ሰፊ መካኒክ ነው።

«ሰንሰለቴ አሮጌ ነው፤ አዎ» አለ። «እኔም አሮጌ ነኝ። ሁለታችንም ግን አልተበጠስንም፤ ቀና ብለህ እይ።»

«አፍህን ዝጋ!» ብሎ የሟች ታናሽ ወንድም አማኑ ከደጅ ጮኸ። «በቅባታም እጅህ ወንድሜን በላኸው! ሰኞ አንተ ወህኒ ስትወርድ ይሄን ጉሮኖህን በገዛ እጄ ነው የማሽገው!»

«ጉሮኖ ካልከው ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?» አለው ቡሽራ።

ምኞት ሁለቱንም አልሰማችም። ቀና ብላ ሰንሰለቱን አየች። እውነትም አልተበጠሰም። ጫፉ ላይ የሞተሩ መስቀያ ቀለበት ባዶውን ይወዛወዛል። ቀለበቱን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች መሬት ወድቀዋል። አንዱን በመሐረብ አነሳችው። ጥርሱ አንድም ቦታ አልተላጠም። ራሱ ላይ ያለው ግራጫ ቀለም ግን በስድስቱም ማዕዘን ተፍቆ ብረቱ ያብረቀርቃል።

ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የረጋ ግራጫ ነው። በጥፍሯ ነካችው፤ እንደ ሸክላ ደርቋል። በግራ ጎኑ ከታች ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ጣቷን ያዘቻት። እዚያ ላይ የብሩሽ መስመር ይታያል፤ ሌላው ሁሉ በመርጫ የተረጨ ነው። ጣቷን በወረቀት ጠርጋ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር አየች። ወለሉ በሙሉ የዓመታት ዘይት ጠግቧል። ከሞተሩ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለው ሲሚንቶ ግን በናፍጣ ታጥቦ ነጥቷል።

«ካቴናውን አሁን አልፈታውም» አለችው ቡሽራን። «ግን እስከ ሰኞ ጊዜ አለን።»

«አላህ ካለ» አለ ቡሽራ። «ሳጅኑ ካላለ ግን እንጃ።»

ሞተሩን የቀባችው የቡሽራ እህት ፈቲያ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ምላሷ ግን አልሰነፈም።

«ስለ ቀለም ልትጠይቂኝ ነው? ወንድሜ ታስሮ?»

«ስለ ቀለም ነው። ማን መረጠው?»

ፈቲያ ተነፈሰች። «በዚያ ሞተር ያልተጣላ የለም። አማኑ ‹አሮጌ ብረት ተዉና የቶዮታ ሞተር ግጠሙባት› ይላል። ጋሽ ፍቅሬ ‹የአባቴ መኪና በሰው ልብ አትሄድም› ብሎ የራሷን ዓይነት ፈልጎ ከጋሽ ሰመረ ሱቅ ገዛ። ጥቁር ተቀብቶ ነው የመጣው። ጋሽ ሰመረ ‹ቀይ ደርቡበት፣ ቀይ ነው የሚያምረው› እያለ ሰባት ጊዜ ተመላልሶ ጨቀጨቀን። ጋሽ ፍቅሬ ግን ከአባቱ ሞተር የቀረች ቁራጭ ብረት ነበረችው፤ በኪሱ ይዟት ይዞራል። ‹ይሄንን ግራጫ ካላመጣሽልኝ አልወስድም› አለኝ።»

«አመጣሽለት?»

«ዛሬ ጠዋት። ከአምስት ቀለም፣ በዓይኔ እየለካሁ። እንደዚያ ያለ ግራጫ ከሱቅ አይገዛም። ቀይ ቢሆን ከጥቁሩ ላይ መርጨት ይበቃኝ ነበር፤ ለግራጫው ግን ትናንት እስከ ብረቱ ልጬዋለሁ።»

«ቶሎ ይደርቃል?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ረጨሁት፤ አምስት ሰዓት ላይ ድንጋይ ነበር። በምረጭበት ዕቃ ውስጥ ማድረቂያ እጨምራለሁ። ጣሳው ውስጥ በቀረው ግን አልጨምርም፤ ከጨመርኩማ ጣሳው ሁሉ ይደርቅብኛል።»

«የሞተር ቁጥሩንስ እንዴት ታደርጊዋለሽ?»

«ግሪስ እለቀልቀዋለሁ። በግሪስ ላይ ቀለም አይዝም። ሲደርቅ ስጠርገው ቁጥሩ ራቁቱን ይወጣል። ከስግደት ስመለስ ልጠርገው ነበር።» እጇን ዝቅ አድርጋ አሳየች። «በግራ በኩል ነው፤ ከታች።»

አማኑ በምሳ ሰዓት ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ፀጉር ሲስተካከል እንደነበር ተናገረ። አስተካካዩም መሰከረለት።

«ከወንድምህ ጋር ሐሙስ ለምን ተጣላችሁ?»

«በሞተር ነዋ! አባታችን ያቺን መኪና ለሁለታችን ነው የተዋት። እኔ ልነዳት ነው የፈለግኩት፤ እሱ ሊያመልካት። ሐሙስ ማታ ሳንስማማ ስልኩን ዘጋሁበት» አለና ፊቱን አዞረ። «በቃ። ሌላ የምታውቂው ካለ ጻፊ።»

«የዚያ ሞተር ቁጥር የት ላይ ነው?»

«ቁጥር ደግሞ አለው እንዴ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሰመረ ሱቅ ሄደች። ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ያለች ጠባብ የመለዋወጫ መደብር ናት። ሰመረ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ሁሉ እሱን ሳይጠይቁ ቡሎን አይገዙም ይባላል።

«ይቀመጡ አልልዎትም፤ ወንበር የለም» አላት ከባንኮኒው ኋላ። «ሐዘን ላይ ነኝ። ፍቅሬ ወዳጄ ነበር።»

«ሐሙስ ማታ ደውሎልዎት እንደነበር ከስልኩ አይቻለሁ፣ ጋሽ ሰመረ።»

«ሁልጊዜ ይደውላል። ስለ ቀለም ነው። ‹ቀይ› አልኩት፤ አልሰማ አለኝ።» የመነጽሩን ዘንግ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገ። ዘንጉ ላይ፣ ጆሮው አጠገብ፣ ምስር የምታህል ነጠብጣብ ነበረች። ምኞት ዓይኗን ቶሎ ወደ መደርደሪያው መለሰች።

«ጋራዡ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?»

«ረቡዕ። ሞተሩ ያኔ ጥቁር ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልረገጠም። ትናንት በምሳ ሰዓት እዚሁ ነበርኩ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።»

«መነጽሩ ለማንበብ ነው?»

«ለማንበብና ለቅርብ ሥራ። ምን አገባዎት?»

«እኔም አንድ ያስፈልገኛል» አለችና ወጣች።

እየሩስ በቤቷ ለቀስተኛውን ትታ ወደ ጓዳ አስገባቻት። የእጅ መዳፍ የማትሞላ ወረቀት ሰጠቻት። ወረቀቱ በእርሳስ ታሽቶ ቁጥሮች ወጥተውበታል።

«ሰኞ ሊለብሰው ካዘጋጀው ኮት ኪስ ነው ያገኘሁት» አለች። «ቀለሙ ሲላጥ ቁጥሩ አላማረውም። በወረቀት አንስቶት መጣ። ‹ሰኞ ወስጄ አስመረምረዋለሁ› አለኝ። ‹ዛሬውኑ ውሰደው› አልኩት። ‹ሰው ሳይጠየቅ አይከሰስም፤ መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ› አለ።»

«ማንን?»

«ስሙን አልነገረኝም። ሰው በማማት አይታማም ነበር።» ወረቀቱ ከእጇ ሲወጣ ጣቶቿ ለጥቂት ጊዜ ተዘርግተው ቀሩ። «ፖሊስ ሁሉ ‹አደጋ ነው› ብሎኛል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋራዡ ይምጡ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ቡሽራ ከነካቴናው፣ ፈቲያ ከጎኑ፣ አማኑ ከመኪናዋ ማዶ፣ እየሩስ ያቺው ሣጥን ላይ። ሰመረ መጨረሻ መጣ፤ ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ለአደጋ ይሄ ሁሉ ስብሰባ?» አለ።

«አደጋ አይደለም» አለች ምኞት። «ሰንሰለቱ እንዳለ ነው። ቡሎኖቹ ክብደት በዝቶባቸው ቢነቀሉ ጥርሳቸው ይላጥ ነበር። አልተላጠም። ፈቲያ ሞተሩን የቀባችው ተሰቅሎ እያለ ነው፤ የቡሎኖቹም ራስ አብሮ ተቀብቷል። ያ ቀለም ከደረቀ በኋላ በመፍቻ ማዕዘን በማዕዘን ተፍቋል። ሰው ፈታቸው። ቡሽራና ፈቲያ ስድስት ሰዓት ላይ ሲወጡ ሞተሩ ተሰቅሎ ነበር፤ ሲመለሱ ወድቋል፤ በመካከሉ ሁለቱም መስጊድ ነበሩ፣ ጎረቤት አብሯቸው ሰግዷል። ሳጅን፣ ካቴናውን ይፍቱ።»

አጥናፉ ቁልፉን ፈለገ፤ ጊዜ ወሰደበት።

«ፍቅሬም በሞተሩ አልሞተም። እዚያ ጠረጴዛ ሥር ወለሉ በናፍጣ ታጥቧል። ከኋላው ተመትቶ እዚያ ነው የወደቀው። የሐኪሙ ወረቀትም ይሄንኑ ይላል። ከዚያ ተጎትቶ ከሞተሩ ሥር ተጋደመ፤ ቡሎኖቹ ተፈቱ።»

«ማን?» አለ አማኑ። ድምፁ እንደ ትናንቱ አልነበረም።

«የፈራ ሰው። ምን ፈራ? ቀለም። ሞተሩ ቀይ ቢደረብበት ኖሮ ማንም አይልጠውም ነበር። ፍቅሬ የአባቱን ግራጫ መረጠ፤ ለግራጫው ደግሞ ብረቱ መላጥ ነበረበት። ሲላጥ ከቁጥሩ ሥር ሌላ ቁጥር ታየ። አሮጌው ተሞርዶ አዲስ ተመትቶበታል። ፍቅሬ ሻጩን ሊጠይቅ፣ ሰው በሌለበት በራሱ ቁልፍ ከፍቶ አስገባው።» ወረቀቷን አወጣች። «ነፍሰ ገዳዩ ትናንት ቁጥሩን ጨርሶ ሞረደው። ፍቅሬ ግን ቀድሞ አንስቶት ነበር። የሥሩን ቁጥር ዛሬ ፈለግነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሥላሴ አካባቢ ከአንድ ግቢ ከተሰረቀች ሚሌቼንቶ የወጣ ሞተር ነው። የግቢው ዘበኛ በስርቆቱ ሌሊት በተመታ በሳምንቱ ሞቷል።»

ወደ ሞተሩ ግራ ጎን ጎንበስ አለች።

«ተሞርዶ የሚያበራውን ብረት መሸፈን ነበረበት። ከጣሳው ግራጫ ወስዶ በብሩሽ ቀባው። እዚህ ላይ ነው ብረት አዋቂነቱ ያልረዳው፤ ሞተር ያውቃል፣ ቀለም ግን አያውቅም። ፈቲያ ወይም ቡሽራ ቢሆኑ የቁጥሩን ቦታ አይቀቡትም፤ ጣሳ ውስጥ ያለው ቀለም ማድረቂያ እንደሌለውም ያውቃሉ። አማኑ ደግሞ ሞተር ቁጥር እንዳለው እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ቁጥሩ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ለማየት ግን መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ጎንበስ አለ። መነጽሩ ተንሸራተተ፤ በአውራ ጣቱ ገፋው። ኋላ እጁን በሚገባ ታጠበ። የመነጽሩ ዘንግ ግን ለባለቤቱ አይታይም። ጋሽ ሰመረ፣ መነጽርዎን ይስጡኝ።»

ሰመረ አልተንቀሳቀሰም። «ሱቄ ውስጥ ስንት ዓይነት ቀለም አለ።»

«ይሄኛው የለም። ፈቲያ ትናንት ጠዋት በዓይኗ ለክታ የበጠበጠችው ነው፤ ከዓርብ በፊት በዓለም ላይ አልነበረም። እርስዎ ደግሞ ከረቡዕ ወዲህ እግሬ አልረገጠም ብለዋል።»

አጥናፉ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አነሳው። ምኞት የትናንትናዋን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ከዘንጉ አጠገብ ያዘችው። ሁለቱ ግራጫዎች አንድ ነበሩ። ነጠብጣቧን በጥፍሯ ነካች፤ አሁንም ትይዛለች።

ሰመረ ያለመነጽር ዓይኑን አጥብቦ ወደ መኪናዋ አየ።

«ቀዩን ቢመርጥ ምን ነበረበት?» አለ። «ቀዩን ቢቀባ እኮ ዛሬ ይነዳት ነበር።»

እየሩስ ከሣጥኑ ላይ ተነሳች። ሰው ሁሉ የምትመታው መሰለው። አጠገቡ እስክትደርስ ሄደችና በዝግታ ተናገረችው። «ሊያስጠነቅቅህ ነው የደወለልህ። ሰኞ ድረስ ቀን ሰጥቶህ ነበር።»

አጥናፉ ከቡሽራ እጅ ያወለቀውን ካቴና ለሰመረ አጠለቀለት።

ቡሽራ የእጁን አንጓ እያሸ ቆመ። ምኞትን አላመሰገናትም፤ እሷም አልጠበቀችም። አማኑ ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ራመድ ብሎ ቆመ።

«መኪናዋን ሰኞ እወስዳታለሁ» አለ። «እዚህ መቆም የለባትም።»

«የትም አትሄድም» አለች እየሩስ። «ይሄ ሞተር ለባለቤቶቹ ይመለሳል። ሌላ እስኪገኝላት እዚሁ ትቆማለች። ቡሽራ፣ ትጠብቅልኛለህ?»

«እጠብቃለሁ፣ እትዬ።»

«ምን ዓይነት ሞተር ነው የሚገኝላት?» አለ አማኑ።

እየሩስ መዳፏን ከፈተች። የፍቅሬ ቁራጭ ብረት ናት፤ ሐኪም ቤት ከልብሱ ጋር ያስረከቧት። ለፈቲያ ሰጠቻት።

«የተገኘው ይገኝ» አለች። «ቀለሙ ተመርጧል።»