የረቡዕ ወተት

አንሙት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አመድ ጉድጓዱ ወረደ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሬሳው በገመድ ተጎትቶ ወጣ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በደምበጫ መንገድ ዳር፣ ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት የሚያመነጨው ፋብሪካ ግን አልቆመም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ስምንት ሰዓት ላይ ሌሎች ሁለት ሠራተኞች ወርደው የቀረውን አመድ እንዲጠርጉ አዝዟል።

የሥራ ደኅንነት መርማሪዋ ወይዘሮ ትሕትና አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሬሳ አጠገብ ቆመው ስለ ደንብ የሚሰብኩ አለቆችን ሃያ ዓመት ሰምታለች፤ ይህኛውን አፉን ሳይከፍት ናቀችው።

«ጠጥቶ ነው የገባው» አለ ከረባቱን እያስተካከለ። «ጭንብሉንም ራሱ አውልቆታል። እኛ ያጎደልነው የለም፤ ቅጹ ይኸው።»

የዛሬ ቀን ተጽፎበታል። ጋዝ ተለክቷል፣ ዜሮ። ጭንብል ተሰጥቷል። ወተት ተሰጥቷል። ከሥር የአንሙትና የፎርማኑ የአገኘሁ ፊርማ አለ። ትሕትና ወተት የሚለውን ሁለቴ አነበበችው። ደህና ጭንብል ለመግዛት የሚሰስት ድርጅት ሁሉ፣ ጭሱን ያጥብልሃል እያለ ለሠራተኛው አንድ ኩባያ ወተት ያድላል።

ሬሳውን ገልጣ አየች። ፊቱ ደማቅ ቀይ ሆኗል። ጭንብል የተባለው ጨርቅ አፉ ላይ እንደታሰረ ነው።

«አፉ መጠጥ ይሸታል?» አለቻት የፋብሪካውን ነርስ መቅዲን።

«ኧረ በእመብርሃን! ይጁቤ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የነበረ ሰው እኮ ነው። በጾም ቀን ውኃ እንኳ አይቀምስም።»

«ፊቱስ?»

«ቤት ዘግቶ ከሰል ያፈነው ሰው እንዲህ ይቀላል።»

«ወተቱን የምታድይው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ በዚያች መስኮት።»

«ዛሬስ?»

መቅዲ ግራ ገባት። «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ረቡዕና ዓርብ መስኮቱን አልከፍትም፤ ማን ይወስዳል?»

አገኘሁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል።

«ጋዙን በምን ለካኸው?» አለችው።

«በ... በመሣሪያው።»

«አምጣዋ!»

ዓይኑን ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወረወረ።

«ፊርማውስ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። የወሩን ቅጽ ባዶውን ነው አስቀድመን የምንፈርመው፣ ሁላችንም። ቢሮ ይሞላዋል።»

ትሕትና የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አይታ ተመለሰች፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበች። ሁለቱ ተረኞች ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረው ይጠባበቃሉ።

«አንሙት አልጠጣም፤ ጭንብሉንም አላወለቀም» አለች። «የገደለው ጋዝ ነው። ታዲያ ጋዝ ዜሮ ብሎ የጻፈው ማነው? መቅዲ አይደለችም፤ የወተቱን መስኮት የምትዘጋው እሷ ናት። አገኘሁም አይደለም፤ በየጠዋቱ የወተቱን ሰልፍ ስለሚያይ ዛሬ ወተት እንዳልታደለ ያውቃል። የሞላው ሰልፉን አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ ያላየ ሰው ነው።» ወደ ዘመንፈስቅዱስ ዞረች። «የትናንቱን ቅጽ ገልብጠው ቀኑን ብቻ ለወጡ።»

«እኔም እኮ እጾማለሁ!» አለ። ከተባለው ሁሉ ያስቆጣው ይህ ነበር።

«ጾሙ ጠፍቶዎት አይደለም። ሲሞሉት ሰው ትዝ አላለዎትም። የጋዝ መለኪያውን ቢሮዎ፣ መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከምስክር ወረቀትዎ አጠገብ አየሁት። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።»

«ውድ ዕቃ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ...»

«ስንቴ ለመንንዎት!» ብሎ ጮኸ አገኘሁ።

«አንተም መለኪያውን ከልክለውህ ሳለ አንሙትን አወረድከው» አለችው ትሕትና።

ቅጹን ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋችለት። «ጋዝ ዜሮ ብለዋል፣ በገዛ እጅዎ። እንግዲያው ይውረዱ።»

ዘመንፈስቅዱስ ወደ ጉድጓዱ አየ። ከዚያም የሚያብረቀርቅ ጫማ ያጠለቀ እግሩን አንሥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሁለቱ ተረኞች ያንን እርምጃ አዩት። ማንም ሳያዛቸው ገመዱን ከወገባቸው ፈትተው እግሩ ሥር ጣሉለት።