የይለፍ ቃሉን ማን ቀየረው?

«እስቲ እንደገና ሞክሪ» አለች በላይነሽ፣ ከሃይሚ ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ። «ቀስ ብለሽ ጻፊው፤ ያኒ፣ ማለቴ አንድ ፊደል አምልጦሽ ይሆናል።»

ምንም አላመለጣትም። ሃይሚ የይለፍ ቃሉን ከማስታወሻ ደብተሩ እያየች ለስድስተኛ ጊዜ ጻፈችው። የኢሜይሉ ፕሮግራም ትንሽ አሰበና ያችኑ ሳጥን መልሶ ዘረጋ፦ መግባት አልተቻለም፣ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ። ከሳጥኗ በፊት ብልጭ የሚል ሌላ ማስጠንቀቂያም ነበር። እሱን ግን ሃይሚ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ሳታነብ ትዘጋዋለች።

«አልኳችሁ እኮ! ተቀይሯል» አለች።

ክፍሏ ዶራ በሚባል የዐረብ አገር ሰፈር ውስጥ፣ ከቫኖቹ መቆሚያ ጀርባ፣ ከአንድ ስፌት ቤት በላይ ናት። ለቤት ሥራ የመጡ የሐበሻ ሴቶች ማኅበር መሥርተው፣ አዋጥተው የተከራዩዋት ሲሆን እሁድ እሁድ ትሞላለች። ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ከአንዲት ማዳም፣ ከአሠሪ ቤት የተሰጠ አሮጌ ነው። የስልክ ቁጥር በየወሩ የሚቀይር ሰው ስለሚበዛ፣ ቢሮዎች ለሴቶቹ የሚልኩት ደብዳቤ ሁሉ የሚመጣው በማኅበሩ ኢሜይል ነው። ያንን የምትከፍት፣ የምታነብና የምትመልስ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመቷ ሃይሚ ናት። «ኢንጂነሯ» ይሏታል። እሷም ስሙን ትወደዋለች፤ እንዲያውም ትንሽ አብዝታ ሳትወደው አልቀረችም።

ዛሬ ግን ኢንጂነሯን ጨንቋታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ሀረገወይን የመኖሪያ ወረቀት ካጣች ስድስት ዓመቷ ነው። አገራቸው መግባት የሚፈልጉ ሰዎችን የሚረዳ ቢሮ ሐሙስ ዕለት ደውሎላት ነበር። ቅጹን በኢሜይል ልከንልሻል፣ እስከ ሰኞ ሞልተሽ ካልመለስሽ ተራሽ ለሌላ ሰው ያልፋል ብለዋታል፤ ሰኞ ደግሞ ነገ ነው። ሀረገወይን የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች።

«ያቺ ልጅ ጉድ ሠራችን» አለች በላይነሽ።

ያቺ ልጅ የምስራች ናት። ኮምፒውተሩን ያስተካከለችው፣ ኢሜይሉን የከፈተችው፣ ሃይሚንም ያስተማረቻት እሷ ናት። ከሃይሚና ከእናቷ ከተዋበች ጋር በአንድ ክፍል አራት ዓመት ኖራለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ፕሮግራሙ አልገባም ሲል፣ ሃይሚ በሰው ሁሉ ፊት «የይለፍ ቃሉን ሰው ቀይሮታል» አለች። ሰው ስትል ማንን እንደሆነ አላሰበችበትም። ሌሎቹ ግን አሰቡበት። በዚያው ሰሞን የምስራች ከማኅበሩ ሊቀመንበር ከበላይነሽ ጋር በክፍሉ ቁልፍ ተጣልታ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን የፈጠረችውም እሷው ናት።

«ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ብላ ነበር በላይነሽ ያን ቀን።

የምስራች «ዋላ፣ እግዜር ያውቃል፣ አልነካሁትም» አለች፣ አንዴ። ሁለተኛ ሲጠይቋት ወደ ተዋበች አየች። ተዋበች ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። በሳምንቱ የምስራች ልብሷን በሁለት ፌስታል ሰብስባ ኻልዴ ሰፈር፣ ከአንድ መኪና ማጠቢያ ጀርባ ያለች ክፍል ገባች። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ስሟ አይነሳም። ሃይሚ ናፍቃታለች፤ ተቀይማታለችም።

«ቆይ በስልኬ ልሞክር» አለች ሃይሚ። የኢሜይሉን ገጽ ስልኳ ላይ ከፍታ ያንኑ ቃል ጻፈች። ስልኩ ሌላ ነገር ጠየቀ፦ በ38 ወደሚያልቀው ቁጥር የላክነውን የማረጋገጫ ቁጥር ያስገቡ።

«የየምስሩ ቁጥር ነው» አለች ሃይሚ፤ የምስራችን የምትጠራት እንዲህ ነው።

«ይኸው!» አለች በላይነሽ። «ሁሉም ነገር በእጇ ነው።»

ማንም መደወል አልፈለገም። ተዋበች መስኮቱ ጋ ሄዳ ቫኖቹን ታያለች። ሃይሚ ራሷ ደወለች።

«ሃይሚዬ? ሰላም ነሽ? ትምህርት ጀመራችሁ እንዴ?» የየምስራች ድምፅ ምንም አልተቀየረም። ከኋላዋ የውኃ ፓምፕ ይጮሃል።

«ጀምረናል… የምስሩ፣ ቁጥር መጥቶልሽ ይሆናል። ለሀረገወይን ነው፤ የመሄጃዋ ቅጽ እስከ ነገ ነው ያለው።»

ሃይሚ ስድብ ጠብቃ ነበር። ቢያንስ አንድ ነገር ትላለች ብላ አስባ ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ ጻፊ» አለች የምስራች፤ ስድስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነገረቻት። «ለሀረግ እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ያላ፣ ልሂድ፣ ደንበኛ መጣ።» ስልኩ ተዘጋ።

ኢሜይሉ ተከፈተ። ሀረገወይን ቅጹን በዓይኗ እስክታይ አላመነችም፤ ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሃይሚ እየጠየቀቻት ሞላች፣ ላከችም። እልልታው ስፌት ቤቱ ድረስ ተሰማ።

«አያችሁ?» አለች በላይነሽ ዳቦውን በቢላዋ እየቆረሰች። «ስትጨነቅ መለሰችው።»

ሃይሚ ልትስማማ አፏን ከፈተችና ቀረች። ስልኩ የተቀበለው ደብተሩ ላይ ያለውን ቃል ነው። የምስራች ያወጣችውን፣ ያንኑ። በመጀመሪያው ሙከራ። ታዲያ ምኑ ነው የተቀየረው?

ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ አንድ ጊዜ ሞከረች። ማስጠንቀቂያው ብልጭ ሲል በዚህ ጊዜ አልዘጋችውም፤ አነበበችው። የሰርቨሩ ማረጋገጫ የሚጸናበት ጊዜ ገና ነው፤ የኮምፒውተርዎን ቀን ያረጋግጡ።

የማሳያው ቀኝ ጥግ ላይ 25/1/2018 ይላል። መስከረም ሃያ አምስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።

ክው አለች።

ለአዲሱ ዓመት በተሰበሰቡ ጊዜ በላይነሽ «ይሄ ኮምፒውተር የፈረንጅ ነው፣ ዘመን ተለወጠ አይል፣ ጾም አያውቅ» ብላ ቀልዳ ነበር። ሃይሚም ተነስታ ቀኑን ወደ ሐበሻ ቀየረችው። ማሽኑ እየመለሰ ሲያስቸግራት፣ ቀን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን አጠፋችው። አጨበጨቡላት። በዚህ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ 2018 ትክክል ነበር፤ ስለዚህ የማንም ዓይን አልያዘውም። ኮምፒውተሩ ግን ቁጥሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ፣ ራሱን ከሰባት ዓመት በፊት አድርጎ፣ ደብዳቤዎቹን የሚይዘው ሰርቨር መታወቂያውን ባሳየው ቁጥር «ይህ ገና አልወጣም» እያለ በሩን ይዘጋ ነበር። የይለፍ ቃሉ በሩ ጋ እንኳን አልደረሰም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለ ሰው ነው።

ቀኑን መለሰችው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። አርባ ሦስት ያልተነበቡ ደብዳቤዎች ግር ብለው ገቡ።

ማንም አላየም። ሆድ ይፍጀው ብትልስ? ማሽኑ ሠርቷል፣ ሀረገወይን ትሄዳለች፣ ነገሩም ቀስ በቀስ ይረሳል። እሷም ኢንጂነሯ እንደሆነች ትቀጥላለች። አፈረች፣ ፈራችም።

«እሱም ገባ እንዴ?» አለች ተዋበች ከመስኮቱ ዞራ። «ምን ሆኖ ነበር?»

ሃይሚ ከመመለሷ በፊት በላይነሽ ቀደመች። «ምንም ይሁን። አሁኑኑ ሌላ የይለፍ ቃል አውጪለት፤ ቁጥሯንም ሰርዢው። ያቺ ልጅ ሁለተኛ እንዳትገባብን።»

ሃይሚ እናቷን አየች። ተዋበች የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ግን እንደዚያን ቀን ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

ሃይሚ የመቀየሪያውን ገጽ ከፈተች። አዲሱን ቃል የሚጽፉበት ቦታ ባዶውን ይጠብቃል። አየችውና ዘጋችው። ስልኳን አንስታ ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ በዳቦው መሶብ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሃይሚዬ? ምነው፣ ቁጥሩ እምቢ አለ?»

በላይነሽ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች።

«አይ፣ ሠርቷል» አለች ሃይሚ። «የምስሩ፣ ስልኩን አትዝጊው። ሁሉም እየሰሙሽ ነው። እማም አለች።» ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «የይለፍ ቃሉን ማንም አልነካውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»