የወንበሩ አራተኛ እግር

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ቤት እሠራለሁ» እላለሁ። ሰው እጄን አይቶ ይስቃል፤ ሲሚንቶ ነክቶት የሚያውቅ እጅ አይደለም። የምሠራው የፈረሱ ቤቶችን ነው። ደንበኛው የድሮ ፎቶዎቹን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ ክፍሉን ከግድግዳው እስከ መጋረጃው መልሼ አቆመዋለሁ። ክፍሉን የሚያሳየውን መነጽር ዓይኑ ላይ ሲያጠልቅ ልጅ ሆኖ የተጫወተበት ሳሎን መሀል ቆሞ ራሱን ያገኘዋል። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዳንዱ መብራት ሊያጠፋ እጁን ይዘረጋል።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ አንሺ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ክፍል እንጂ ሰው አንሠራም። ሁለተኛው፣ በየክፍሉ አንድ እንከን እንተዋለን። መስኮት ይሁን መስታወት፣ አንድ ነገር ሆን ብለን እናበላሻለን። ደንበኛውም በመጀመሪያው ቀን እንከኑን በጣቱ እያመለከተ «ይህን ካየሁ መነጽር ውስጥ ነኝ» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። አንዳንዶች ያፍራሉ። ጋሼ ግን ካላሉ አያስገቡም።

«ህልም እንኳ እንከን አለው» ይሉኝ ነበር። «ሰው የሚነቃው ለዚያ ነው። እንከን የሌለው ህልም ያየ ሰው ተመልሶ ስላልመጣ፣ እንዴት እንደሆነ የነገረን የለም።»

ይህን ሕግ አንድ ጊዜ ጣስኩት። በፍቅር ነው የጣስኩት፤ ማመካኛዬም እሱ ብቻ ነው።

እሱ የመጣ ዕለት ፎቶ አልያዘም። በአንድ እጁ ደብተር፣ በሌላው የአናጺ ሜትር ይዟል። ገና በኮሪደሩ ሲመጣ ሜትሩን እየሳበ ሲለቀው «ጠሽ» ሲል ሰምቼዋለሁ። በኋላ እንደገባኝ ይህ ልማዱ ነበር፤ ሐሳብ ሲገባው ሜትሩን ይስባል፣ ይለቃል።

«የበሩ ስፋት ሰማንያ ሁለት» አለኝ ሰላምታም ሳይሰጠኝ። «ጣሪያው ሁለት ከስድሳ። ከመስኮቱ እስከ እናቴ ወንበር አንድ ሜትር ከአስር።»

«ፎቶስ?»

«ፎቶ ይዋሻል። ሜትር አይዋሽም።»

ጋሼ ከጓዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱም ምን እንዳለ ዘግይቶ ገባውና እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ሜትር አልኩት።

እናቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። በዓመቱ ቤታቸው ለመንገድ ሥራ ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሌላው ዕቃ ሲያሸክም እሱ እያንዳንዷን ግድግዳ ሲለካ ሰነበተ። አሁን ከአባቱ ጋር አንድ ሕንጻ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። አባትየው ከድሮው ቤት ይዘው የወጡት የሚስታቸውን ወንበር ብቻ ነው።

«አባቴ እየጠፋብኝ ነው» አለኝ። «ሌላው ሰው ወጥቶ ነው የሚጠፋው። የኔ አባት አጠገቤ ተቀምጦ ነው።»

ክፍሉን ለመሥራት ሁለት ወር ፈጀብን። አንድ ወር ይበቃ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ከሥራው ሲወጣ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ ይዞ ይመጣና ከጎኔ ተቀምጦ ይጨቀጭቀኛል።

«ይሄ የግራው በር ለምንድን ነው የማይከፈተው?»

«ግቢውን አልለካኸውማ። ከበሩ ወዲያ ምንም የለም።»

«አናጺ አጠገብሽ አስቀምጠሽ የማይከፈት በር ትሠሪያለሽ? አንቺ ልብ የለሽም?»

በሩን መክፈት አልቻልኩም። ግን ስልኩ ላይ አንድ ድምፅ ነበረው፤ እናቱ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ስታንጎራጉር ሳታውቅ የቀዳት። ያን ድምፅ ከበሩ ኋላ አስቀመጥኩት። የታጠበ ልብስ ሲራገፍ ይሰማል፣ ከዚያ ዜማው፣ ከዚያ እንደገና ልብሱ። አብረን ሰማነው። እጁ የወንበሬ መደገፊያ ላይ ነበር፤ ወደ ኋላ ብደገፍ እንደሚነካኝ እያወቅሁ ተደገፍኩ።

እንከን መምረጥ የኔ ሥራ ነው። የእናቱን ወንበር መረጥኩና የኋላ ግራ እግሩን አነሳሁት። በሦስት እግር ቀጥ ብሎ የቆመ ወንበር ሆነ። ሜትር ሲያየው ቆየና፣

«ከአራቱ መርጠሽ መርጠሽ እሷን?» አለኝ።

«ምን አላት?»

«እኔ ነኛ የሠራኋት። በአሥራ ሦስት ዓመቴ። ወንበሩ ተሰብሮ ሊጣል ሲል ከሣጥን ጣውላ ጠርቤ ገጠምኩለት። ትንሽ አጥራለች፣ ወንበሩ ይወዛወዛል። እናቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ገልብጣ ‹የልጄ ሥራ› እያለች ታሳይ ነበር። አናጺ የሆንኩት በዚያ ነው።»

«ልቀይረው?»

«ተዪው። አባባም በደንብ ያውቋታል፤ ስትጎድል ያዩታል።» ፈገግ ለማለት ሞክሮ አቀረቀረ።

ከዚያ ወዲህ «እንከኔ» ይለኝ ጀመር።

«ስድብ ነው ምርቃት?»

«ሁሉ ነገር ልክ የሆነለት ሰው ህልም ውስጥ ነው ይላሉ አይደል ጋሼሽ? አንቺ እየተጨቃጨቅሽ ከጎኔ ስላለሽ ነው እንዳልተኛሁ የማውቀው።»

መነጽሩን ለአባባ ያጠለቅሁላቸው እኔ ነኝ። የፎቁ ሳሎናቸው ጠባብ ነው፤ ያ ወንበር መስኮቱ ሥር አለ፣ በግራ በኩል ወደ ደረጃው የሚያወጣው በር አለ። አባባ መነጽር ውስጥ ሆነው ፊታቸውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«እንከኑን ያሳዩኝ አባባ።»

«የሷ ወንበር እግሩ ሦስት ነው» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። «ይህን ካየሁ መነጽር ውስጥ ነኝ።»

መነጽሩን አወለቁና እውነተኛውን ወንበር አዩት። «አራት። እቤቴ ነኝ» አሉ፤ ሳቁም። ሜትር አባቱ ሲስቁ ከሰማ ሁለት ዓመቱ ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ውኃ ከፍቶ ቆየ።

የአባባ ጨዋታ ይህ ሆነ። ሲገቡ ይቆጥራሉ፣ ሲወጡ ይቆጥራሉ። ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ፣ ሻይ ይጠይቁ ጀመር። እኔንም «ልጄ» አሉኝ። አንድ ቀን ብቻ እጄን ይዘው፣ «ከበሩ ኋላ አለች እኮ። እሰማታለሁ። ክፈቺልኝ» አሉኝ።

«ግቢው አልተሠራም አባባ።»

«እሺ» አሉ፣ ልጅ ከረሜላ የለም ሲባል እንደሚለው።

ልንጋባ ተስማማን። ሜትር ከሥራው ሰዓት ሲተርፈው የአልጋችንን ራስጌ ይጠርብ ነበር። ደስታ እንዲህ ሲበዛ መፍራት እንዳለብኝ ጋሼ ስንት ጊዜ ነግረውኛል። አልፈራሁም።

የልደቱ ቀን ምን እንደምሰጠው ጨነቀኝ። አናጺ ምን ይጎድለዋል? ያቺን እግር ሠራሁለት። እውነተኛውን ወንበር ገልብጬ እያየሁ፣ አንድ በአንድ፣ የልጅ እጅ የሳታቸውን የመጥረቢያ ምልክቶች ሳይቀር። ማጠሯንም አልረሳሁም። ከዚያ መነጽር ውስጥ ባለው ወንበር ላይ ገጠምኳትና «ና ግባ» አልኩት።

ገባ። ሱቁ ወለል ላይ ተንበርክኮ ባዶ አየር ሲዳስስ አየሁት።

«አጥራለች» አለ።

«እንደሠራሃት።»

«እንደሠራኋት።» መነጽሩን ሳያወልቅ እጄን ፈልጎ ያዘ። «ትቆይልኝ እንከኔ። ለጋሼ አትንገሪያቸው።»

«ሌላ እንከን እተካለሁ። ነገ መስታወቱን አጠፋለሁ፤ ለአባባም እናሳያቸዋለን።»

ነገ አልኩ። ሱቅ ውስጥ የቀየርኩት ክፍል በአባባ መነጽር ላይም ወዲያው እንደሚቀየር ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ያን ቀን አብረን ወጣን፤ በእግራችን ስንዞር ዋልን፣ የምንከራየውን ቤት አየን፣ ደረጃው ላይ ሳመኝ። በማግስቱ ሥራ ገብቼ የሌላ ሰው መጋረጃ ስሰቅል ዋልኩ። መስታወቱ ትዝ አላለኝም። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ቀን።

በአምስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤታቸው ደወለች።

አባባ መነጽሩን አውልቀው በሥርዓት ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋል። ነጠላ ጫማቸውን አድርገዋል። ከዚያ የግራውን በር ከፍተው ወጡ። በድሮው ቤት ከዚያ በር ወዲያ ሜዳ ግቢ ነበር። እዚህ ግን ከበሩ ሥር የሚጀምረው ደረጃ ነው።

ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ቀን ዓይናቸውን ገልጠው አወቁኝ።

«ቆጥሬ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ፣ እንዳልቆጣቸው የፈሩ ይመስል ቶሎ ቶሎ። «እዚያም አራት፣ እዚህም አራት። በየቀኑ እቆጥራለሁ፣ አራት ነው። ታዲያ የቱ ነው ቤቴ? እሷ ያለችበት ነዋ! ይሄ ፎቁ ነው መነጽሩ አልኩ።»

«አባባ አይናገሩ፣ ይደክምዎታል…»

«በሩ ደግሞ ተከፈተልኝ። ደስ አለኝ።»

ሜትር አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰማ። ቀና ብዬ ላየው ፈለግሁ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ። አባባ በማግስቱ አረፉ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ «አንቺ ምን አደረግሽ?» ይለኛል፤ አንድ እግር ነው የጨመርኩት እላለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ሦስት ሳምንት አልመጣም። በአራተኛው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። በኮሪደሩ ሲመጣ የሜትሩ ድምፅ አልተሰማም።

ወንበሩን ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጠው። ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

«አንቺ ጋ ይሁን» አለ። «ቤት ውስጥ ባየሁት ቁጥር እግሩን እቆጥራለሁ። እየበላሁ እቆጥራለሁ። ተኝቼም እቆጥራለሁ።»

«ስደበኝ። ምታኝ። እንደዚህ ቀስ ብለህ አትናገር።»

«ለጋሼ አትንገሪ ያልኩት እኔ አይደለሁ? በምን አፌ ልስደብሽ።»

«አልጋውስ?»

«ፈታሁት።»

ይኸው ነበር። ጋሼ ከጓዳ ብቅ ብለው ተመለሱ።

«አንዴ እንከኔ በለኝና ሂድ» አልኩት። ክብሬን ጥዬ ነው የለመንኩት።

አፉን ከፈተ። ሊለኝ ነበር፣ አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ወንበሩ ወረደ፤ ከንፈሩ ሳይሰማ ሲቆጥር አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ። ሌላ ከተማ ሥራ መጀመሩን ከወራት በኋላ ሰማሁ። አልደወለም፤ እኔም በምን ልብ ልደውል።

ለጋሼ ያን ዕለት ሁሉን ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። «ሂጂ ብልሽ ወዴት ትሄጃለሽ? ቁጭ በይ» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ይኸው ሁለት ዓመቴ። ጠዋት የሰው ቤት እሠራለሁ፤ በምሳ ሰዓቴ አንድ የራሴን ክፍል ስሠራ ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት አለቀ። እንደ ልማዳችን፣ የተሠራ ክፍል ሁሉ በጋሼ ይፈተሻል፤ መነጽሩን ሰጠኋቸው።

ይህን ሱቅ ነው የሠራሁት። እሱ የመጣ ዕለት እንደነበረው። ጋሼ ገብተው ዞሩ፣ ዞሩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ጠረጴዛሽ ልክ ነው። የተሰነጠቀው ኩባያ አለ። ግድግዳው ላይ ያለው የኔ ፎቶ እንኳ ጠምሟል፣ እንደጠመመ ነው። እንከኑ የታለ?» ወደ ድምፄ ዞሩ። «ልጄ፣ ደግመሽ?»

«አለ ጋሼ። አላዳመጡም። ትንሽ ይቆዩ።»

ቆዩ። ምን እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ እርምጃ ይመጣል። ሜትር ይሳባል፣ ይለቀቃል፣ ጠሽ። አሁንም ይሳባል፣ ይለቀቃል። እርምጃው በሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እጀታው ወደ ታች ይወርዳል።

ጋሼ መነጽሩን አወለቁ። እውነተኛውን በር አዩት። እኔም አየሁት። ተዘግቷል፤ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል።

«በይ እንግዲህ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሕጉን ታውቂው የለ።»

ጣቴን ወደ በሩ ዘረጋሁ።

«እሱ ከመጣ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «መነጽር ውስጥ ነኝ።»