የአውሬው ትንፋሽ

አያቷ ወደ መጨረሻው ገጽ ሲደርሱ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

«ቁጭ በይ፤ እንደ ዘበኛ አትቁሚብኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ቁጭ አለች። አያቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። ሳንባቸው ታሞ አልጋ ከያዙ ወዲህም ሥራው አልለቀቃቸውም፤ የልጅ ልጃቸው የጻፈችውን አስፈሪ ታሪክ «እኔ ሳላየው አይታተምም» ብለው ድርቅ አሉ። እሷም ደስ ብሏት ሰጠቻቸው። ምን እንደሰጠቻቸው የገባት ግን ዘግይቶ ነው።

ታሪኩን መጀመሪያ በፖድካስት ነበር ያነበበችው፤ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ ካፖርቶች መሃል ተቀምጣ። በሦስተኛው ክፍል የአያቷ ትንፋሽ ግድግዳውን አልፎ ቅጂው ውስጥ ገባ። እየተጎተተ የሚወጣ፣ መሃል ላይ የሚቆራረጥ ትንፋሽ። ልታጠፋው ስትል ድምፁን የሚያቀናብርላት የክፍሏ ልጅ፣ ሲያወራ ስለሚጮህ «ቮልዩም» የሚሉት፣ «እንዳትነኪው! የአውሬውን ትንፋሽ በምን ሠራሽው?» አላት።

«በኮምፒውተር» ብላ ዋሸች።

አድማጩ አበደለት። «ፀጉሬ ቆመ» ብለው የጻፉላት ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከዚያ በኋላ አያቷ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ስልኳን ትራሳቸው ሥር እያስቀመጠች ስድስት ጊዜ ቀዳቻቸው። ታሪኩን መጽሐፍ ስታደርገውም አውሬውን በዚያው ትንፋሽ ጻፈችው። የመጨረሻው መስመር «ትንፋሹ ቆመ። ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ» ይላል።

አያቷ እዚያ መስመር ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ እኔ ነኝ አይደል?»

ለመካድ አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም። «አዎ፣ አባባ። ሳልነግርዎ ነው የቀዳሁት።»

«እንቅልፍ እነሳችኋለሁ ማለት ነው?»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የጠየቋት የምር ሊያውቁ ፈልገው ነው።

«ኧረ በጭራሽ! እንዲያውም ትንፋሽዎ ካልተሰማኝ ነው የምባንነው» አለችና እንባዋ መጣ። በራሷ አፈረች። ይህን የሚያህል እውነት እያላት ያንን መስመር መጻፏ አሳፈራት።

አያቷ ወረቀቱን አስተካክለው መለሱላት። «ስህተቱን አርሜዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። መቶ አርባ ገጽ ሙሉ ሌላው ይጮኻል፣ ይሮጣል፣ ይማከራል። አውሬው ግን አንዲት ቃል አይናገርም።» ሳል ያዛቸው፤ እስኪለቃቸው ጠበቀች። «በራስሽ ነው የምታሳትሚው፣ አለቃ የለብሽም። እንዳሻሽ አድርጊው።»

ስልኳ ጠራ። ቮልዩም ነው።

«ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለን እስከ አስር ሰዓት ነው! አለቀ አይደል? ሰዉ እኮ በጉጉት ሊሞት ነው!»

ሰዓቷን አየች። ዛሬ ካልገባ ተራቸው ለሌላ ይሰጣል፤ ለአድማጮቻቸው የተናገሩት ቀንም ያልፋል። ስምንት ወር የለፋችበት መጽሐፍ መቼ እንደሚታተም እንጃ።

«ዛሬ አይገባም» አለች።

«ባክሽ አትቀልጂ!»

«ትንፋሹ የአያቴ ነው፤ በኮምፒውተር ሠራሁት ያልኩህ ውሸቴን ነው። ያለበትን የፖድካስት ክፍል ሁሉ አጥፋው።»

የቮልዩም ድምፅ ዝቅ አለ። «ከሦስተኛው ጀምሮ ሁሉንም?» አለ በቀስታ።

«ሁሉንም።»

ስልኩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። የመጨረሻውን ገጽ ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«አባባ፣ እሺ አውሬው ይናገር። ምን ይላል?»

አያቷ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ አሰቡ።

«መጀመሪያ ውሃ ይጠይቃል» አሉ። «ጉሮሮው ደርቋል።»

እንዳሉት ጻፈችው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ውሃ ልታመጣላቸው ተነሳች።