ቀዩ አልወጣ አለ

አባባ ወልደሰማያት ከፕሪንተሩ አረንጓዴ ሆነው ወጡ።

ታቢታ ወረቀቱን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ያዘችው። የሽማግሌው ፊት ያልበሰለ ሎሚ መስሏል። ፎቶው ላይ ደማቅ ቀይ የነበረው ሹራባቸው የደበዘዘ ቢጫ ሆኗል። ከላይ በቀይ መውጣት የነበረበት «አፋልጉን» የሚለው ቃልም ቢጫ ነው፤ ከሩቅ አይነበብም። ከፎቶው ሥር በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈው ጥቁር ጽሑፍ ብቻ አምሮ ወጥቷል፦ «የመርሳት ችግር አለባቸው። ዛሬ ከምሳ በኋላ መንደራ ቆጪ ከሚገኘው ቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። ቀይ ሹራብ ለብሰዋል።»

«ጽሑፉ ቀይ ይላል፣ ፎቶው ቢጫ ነው» አለች ጽዮናዊት። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ናት፤ ከታቢታ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የተማሩት። በሩ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«አይቻለሁ።»

«እና ምን ይሻላል?»

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ የተማሪ አሳይመንት ስታትም ነው የከረመችው። ጀርባዋን ያማታል፣ ዓይኗ ይቆጠቁጣል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አባቷ ኤርሲዶ ከምሳ በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤቱን እሱ ሊይዝላትና እሷ ልትተኛ ነበር። ግን አባባ ወልደሰማያት ጠፉ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ ወጣ። ኤርሲዶም ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ከሰዎቹ ጋር ወደ አዌቱ ወንዝ ወረደ። «አንቺ ማስታወቂያውን አትሚ» ብሏት ነው የሄደው። ገበያው፣ መርካቶ በኩል መብራት ከጠፋ ስለቆየ፣ በዚያ ሰዓት በቀለም ማተም የሚችለው የእነሱ ሱቅ ብቻ ነበር።

«በጥቁርና ነጭ ላትመው?» አለች በመጨረሻ።

«እማዬ እንቢ አለች። ሰው ቆሞ አያነብም፣ ቀለሙን ነው የሚያየው ብላለች።»

እውነቷን ነው። ታቢታ ወንበሯን ስባ ፕሪንተሩ ፊት ተቀመጠች።

ፕሪንተሩ ያረጀ ነው። አባቷ ኦሪጅናል የቀለም መያዣ፣ ካርትሪጅ የሚሉትን፣ መግዛት ከተወ ቆይቷል፤ አሁን የሚጠቀሙት ሲያልቅ በመርፌ ቀለም የሚሞላውን ነው። ለየቀለሙ አንድ አንድ ብርሃን አስተላላፊ ካርትሪጅ አለው፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ቀለሙ ይታያል። ክዳኑን ከፍታ ጎንበስ ብላ አየች። ቀዩ ሙሉ ነው። ትናንት ማታ አባቷ ራሱ ነው የሞላው።

«ሞልቷል እኮ! ታዲያ ለምን አይወጣም?» አለች ጽዮናዊት ከኋላዋ።

«ቀለሙ የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች ደርቀው ይሆናል። ከፀጉር ይቀጥናሉ። ዝም ብለው ከዋሉ ይደፈናሉ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ማጽጃውን፣ ክሊኒንግ የሚለውን፣ ተጫነች። ፕሪንተሩ አቃሰተ፣ ወዲያና ወዲህ ተንገጫገጨ፣ ዝም አለ። መሞከሪያ ገጽ አወጣች። ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው ቀጥ ያለ መስመር ሠርተዋል። የቀዩ ቦታ ላይ እዚህም እዚያም የተበተነች ነጥብ ብቻ ነበረች። ደገመችው። ክሊኒንግ ባደረገች ቁጥር ቀለም እየባከነ እንደሆነ ታውቃለች፤ የተረፉት ቀለማት እየጎደሉ ሲሄዱም በዓይኗ ታያለች። ቀዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ካርትሪጁን አወጣችው። ሶፍት በሞቀ ውሃ ነክራ ከሥሩ ያለውን መውጫ ጠረገችና መለሰችው። አሁን ደግሞ ፕሪንተሩ ካርትሪጁን አላውቀውም አለ። ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች።

«ይሄ ደሞ ምን ሆነ?»

«ቺፑ ቆሽሾ ነው። ላጲስ ስጪኝ እስቲ።»

ጽዮናዊት ከጠረጴዛው ላይ ላጲስ አቀበለቻት። ታቢታ ካርትሪጁ ጎን ላይ ያለችውን የጥፍር ያህል ብረት ቀስ ብላ በላጲሱ ፈተገች፣ እፍ አለችበት፣ መለሰችው። መብራቷ ጠፋች። አንድ ችግር ተፈታ፤ ዋናው ግን እንዳለ ነው። ቀጣዩ ወረቀትም አረንጓዴ ፊት፣ ቢጫ ሹራብ ይዞ ወጣ።

የጽዮናዊት ስልክ ጮኸ። እናቷ እትዬ ወርቅዬ ናት፤ ድምፅዋ እስከ ታቢታ ድረስ ይሰማል። «አላለቀም እንዴ? ወንዙን እስከ ድልድዩ አይተናል፣ የለም! እግሩ ደካማ ነው፣ ከምሳ ወዲህ ሩቅ ሊሄድ አይችልም። እዚሁ ሰፈር ነው ያለው። ቶሎ በሉ ልጆቼ!»

«እሺ እማዬ» አለች ጽዮናዊት። ስልኩን ስትዘጋ ታቢታን ቀና ብላ አላየቻትም።

ታቢታ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። አንድ አፍታ ብቻ ብላ ነበር፤ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ስትነቃ ጽዮናዊት እዚያው ወንበር ላይ ነበረች፤ ሻርፗን መጠቅለል ትታ መሬት መሬቱን ታያለች። ታቢታ ምንም ተስፋ ሳይኖራት እንደገና አትም የሚለውን ተጫነች።

«አፋልጉን» ቀይ ሆኖ ወጣ።

ብድግ አለች። የአባባ ወልደሰማያት ግንባር ወጣ፤ ጠይም፣ ልክ እንደራሳቸው። ዓይናቸው ወጣ። ጉንጫቸው ላይ ሲደርስ መደብዘዝ ጀመረ። ከጺማቸው በታች ቀዩ ጨርሶ ሄደ፤ ሹራቡ ተመልሶ ቢጫ ሆነ።

«በቃ፣ አይሠራም። ተዪው ታቢ» አለች ጽዮናዊት።

«ቆይ። ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አይወጣም ነበር። ጀምሮ ነው ያቆመው።» ታቢታ ለጓደኛዋ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው። «ትንሽ ሲያርፍ ይመጣል፣ ከዚያ ያልቅበታል። ቀለም አለ፣ ግን አይወርድም። ለምንድነው የማይወርደው?»

ካርትሪጁን አውጥታ አገላበጠችው። ከላይ፣ ቀለም ከሚሞላበት ጎማ አጠገብ፣ አየር የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቀዳዳዋ አትታይም። አባቷ ትናንት ሲሞላ ቀለም ፈስሶበት ነበርና እንዳይደገም ብሎ ነው መሰል፣ ላይዋን በፕላስተር ለጥፎታል። አየር ካልገባ ቀለሙ ታፍኖ ይቀራል። ታቢታ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ቲስ የምትል ድምፅ ተሰማት፤ ጣቶቿ በቀይ ተነከሩ።

የሚቀጥለው ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሙሉ ሆኖ ወጣ። አባባ ወልደሰማያት ጠይም ናቸው፤ በዓይናቸው ጥግ ፈገግታ አለ። ሹራባቸው እንደ በሰለ ቡና ፍሬ ቀይ ነው።

«ጽዮኒ! እዪው!»

ጽዮናዊት ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ከዚያ ፊቷ ለልቅሶ ተጨማደደ።

«ሹራቡን አላየሁትም» አለች።

«ምን?»

«ምን ለብሶ እንደወጣ አላየሁም። ቤት አልነበርኩም።»

ታቢታ ነገሩ ቶሎ አልገባትም። ፕሪንተሩ ሁለተኛውን ቀይ ሹራብ እየገፋ ነበር።

«የክፍላችን ልጅ የልያ ልደት ነበር፣ ጠዋት። አንቺም ተጠርተሽ ነበር፣ ሱቅ አለብኝ ብለሽ ቀረሽ እንጂ። እማዬ መርካቶ ከወጣች በኋላ አባባ ተኝቶ ነበር። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ፎቶ እንነሳ፣ ኬክ ይቆረስ ሲሉ ቆየሁ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። እማዬ ስትደውል ደነገጥኩ፣ አሁን ወጣ፣ ልብስ እያጠብኩ ነው ያመለጠኝ አልኳት። ምን ለብሷል ስትለኝ ደሞ...» በሻርፗ አፍንጫዋን ጠረገች። «ቀይ ሹራብ አልኩ። ፎቶው ላይ ያለው እሱ ነው።»

«ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ሊሆን ይችላል የወጡት።»

ጽዮናዊት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጽዮኒ፣ ሰው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነው እኮ የሚፈልጋቸው! አባቴ ወንዝ ውስጥ ነው!»

«አውቃለሁ! የማላውቅ መሰለሽ?» ድምፅዋ ከፍ አለና ወዲያው ወደቀ። «ደከመኝ ታቢ። ሁልጊዜ ቅዳሜ እኔ ነኝ። እሁድም እኔ ነኝ። ማታ ይነሳል፣ ሥራ ልሂድ ይላል፣ በር ዘግቼ እለምነዋለሁ። አንድ ቀን ፈታ ልበል ብዬ ነው። አንድ ቀን። በናትሽ፣ ለእማዬ አትንገሪያት። ወረቀቱን ብቻ አስተካክይው፤ ሹራብ የሚለውን አጥፊው። ሲገኝ ማንም አይጠይቅም።»

ታቢታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። «ቀይ ሹራብ ለብሰዋል» የሚለውን አጠፋች። ጣቷ «ከምሳ በኋላ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። እሱንም ማጥፋት ቀላል ነበር፤ የወረቀቱን ነገር በዚያ መጨረስ ይቻል ነበር። ወንዝ ዳር ያሉት ሰዎች ግን ወረቀት አያነቡም። እትዬ ወርቅዬ የነገረቻቸውን ይዘው ነው የሚፈልጉት።

«ከምሳ በኋላ» የሚለውን ሰርዛ «ጠዋት» ብላ ጻፈችና ማተሙን እንደገና ጀመረች። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ጽዮናዊት ፊት አስቀመጠችው።

«ደውዪላት።»

«ታቢ...»

«እኔም መደወል እችላለሁ። ግን ካንቺ ብትሰማው ይሻላል። ይሄ ታትሞ እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ።»

ታቢታ የተቆጣች አትመስልም ነበር። መቆጣት ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ፕሪንተሩ እየተንገጫገጨ ወረቀት ይተፋል፣ ጽዮናዊት ስልኩን እያየች ትቀመጣለች። ክምሩ ከፍ እያለ ሲመጣ ስልክ አነሳች። የታቢታን ሳይሆን የራሷን ነው ያነሳችው።

«እማዬ... ከምሳ በኋላ አይደለም። ጠዋት ነው። እኔ ቤት አልነበርኩም... አይ፣ አልነበርኩም። የለበሰውንም አላየሁም።»

ከዚያኛው ጫፍ «ጠዋት?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከቁጣ ይልቅ ድካም ያለበት። ስልኩ ተዘጋ።

ወዲያው የሪያድ ባጃጅ በር ላይ ቆመች። ሪያድ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ማስታወቂያዎቹን ወስዶ ሊለጥፍ ፈቃደኛ የሆነው እሱ ነው።

«ማሎ፣ በናታችሁ፣ ምነው ቆያችሁ? ፀሐይዋ እኮ ልትገባብን ነው!»

ታቢታ ክምሩን አቀበለችው። «ሪያድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የጠፉት። ቀዩን ሹራብም አልለበሱ ይሆናል።»

«ከጠዋት?» ሪያድ ወረቀቱን አየ፣ ጽዮናዊትን አየ። «እንደዚያ ከሆነ እዚህ ሰፈር ምን ይሠራሉ? ሀዬ፣ እሺ፣ መጀመሪያ መናኸሪያ እሄዳለሁ።»

መናኸሪያ ውስጥ ወረቀቱን ለየመኪናው ረዳት አሳየ። አንዱ ፊታቸውን ገና ሲያይ አወቃቸው። ካኪ ኮት የለበሱ ሽማግሌ በጠዋቱ መኪና አጋሮ ከተማ ወርደዋል፤ «ሥራ ረፍዶብኛል» ሲሉ ነበር። አጋሮ መናኸሪያ ተደወለ። አባባ ወልደሰማያት በወጣትነታቸው ቡና መዛኝ በነበሩበት፣ አሁን በተዘጋ መጋዘን ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ቁልፍ የያዘውን ሰው እየጠበቁ ነበር። «አልሀምዱሊላህ፣ ተገኝተዋል!» ሲል የሪያድ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ተሰነጠቀ። እትዬ ወርቅዬና ኤርሲዶ መኪና ይዘው ወደ አጋሮ ሄዱ።

ሲመለሱ መሸት ብሎ ነበር። ሽማግሌው የኮታቸውን ደረት በእጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ከመኪናው ወረዱ። የግቢው በር ላይ ጽዮናዊትን ሲያዩ ቆም አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ በልተሻል?»

ጽዮናዊት በሩን ከፈተችላቸው። እናቷ ሳታያት በአጠገቧ አልፋ ሽማግሌውን ደግፋ አስገባች። ከውስጥ ሆና ግን «በሩን ክፍት አትተዪው፣ ግቢ» አለቻት። ጽዮናዊት ታቢታን አንዴ አየቻትና ገባች።

ታቢታና አባቷ ወደ ቤታቸው አዘገሙ። የኤርሲዶ ሱሪ እስከ ጉልበቱ በደረቀ ጭቃ ተለብጧል።

«የጽዮኒ እናት መንገድ ላይ ሁሉን ነገረችኝ» አለ አባቷ። «ከውሃው ውስጥ ጨርቅ ባየሁ ቁጥር ልቤ እንዴት ቀጥ ይል ነበር መሰለሽ።»

«አውቃለሁ አባ።»

ቤታቸው በር ላይ ደርሰው ኤርሲዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና የአንድ እግሩን ጫማ አወለቀ።

«አባ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ አልገባም።»

«ቅዳሜ ጠዋት ነው እኮ ተማሪው የሚበዛው።»

«ከአባባ ወልደሰማያት ጋር እቀመጣለሁ። ጽዮኒ ወደፈለገችበት ትሂድ።»

ኤርሲዶ ሁለተኛውን ጫማ ለማውለቅ ጎንበስ አለ፤ ክሩ በጭቃ ደርቆ አልፈታ አለው። «ብቻዬን አልችለውም» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እንግዲያው ሱቁ እስከ ምሳ ይዘጋ።»

አባቷ እግሩን ወደ እሷ ዘረጋ። ታቢታ ከፊቱ ተንበርክካ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረች።