ያልተሰበረ መስታወት

የሁለት ዓመቷ ሕፃን አስከሬን ሆስፒታል ገብቶ፣ የተጋጨችው መኪና ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ስትጎተት መርማሪዋ የዕረፍት ማመልከቻ እየጻፈች ነበር። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አደጋ ስታበጥር ኖራ ሰልችቷታል፤ የልጅ ሲሆንማ ድካሙ አጥንቷ ድረስ ይገባል። ማመልከቻውን ትታ ወጣች።

አደጋው አደጋ የሚባል አልነበረም። መኪናዋ በዝናብ ተንሸራታ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጭታለች። ፊቷ ገባ ብሏል እንጂ ከመስታወቶቿ አንዱም አልተሰነጠቀም። ነጂዋ እናት ትከሻዋን አመማት፤ ከኋላ የነበሩት አያት ደህና ናቸው። ሕፃኗ ብቻ ሞተች። መኪናዋ ላይ የተገጠመው የሕፃን መቀመጫ ቀበቶ ተፈቶ ስለተገኘ፣ ልጅን የማሰር ኃላፊነት ደግሞ የነጂ ስለሆነ፣ ተረኛው ፖሊስ እናትየውን የሚከስ ወረቀት አዘጋጅቶ ጨርሷል።

እናትየው ልትፈርም ተዘጋጅታ ነበር። ልጇን ማሰሯ ትዝ አይላትም፤ «ረስቼ ይሆናል» ትላለች፣ ደግማ ደጋግማ። መርማሪዋ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ቀጥላ አያትን ጠየቀች።

«እማማ፣ እንደተጋጫችሁ መጀመሪያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ ብድግ አድርጌ አቀፍኳት እንጂ።»

«ቀበቶውን ማን ፈታው?»

አሮጊቷ እጃቸውን አዩት። «እኔ እንጃ። እጄ ይሆናል፤ ልቤ አብሮኝ አልነበረም።»

ሐኪሙ በስልክ የሕፃኗ ሁለት ትከሻዎች ላይ ሰንበር እንዳለ ነገራት። መርማሪዋ ግቢ ወርዳ የመቀመጫውን ጨርቅ ገፈፈች፤ ስፌቱን በጣቷ ስትዳብስም የሆነ ነገር ወጋት። መቀመጫውን ያመጣውና የገጠመው ማን እንደሆነ ጠየቀች። የእናትየው ታላቅ ወንድም ነው፣ ጋራዥ ያለው መካኒክ፤ ለሕፃኗ የሰጣት ስጦታ ነበር።

በማግሥቱ እናትየውን፣ አያትንና መካኒኩን በእናትየው ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ልጅሽን አስረሻታል» አለቻት እናትየውን። «ያልታሰረ ልጅ ትከሻው ላይ የቀበቶ ሰንበር አይወጣበትም። የፈቱት እማማ ናቸው፣ ሊያቅፏት። ቀበቶው ይዟት ነበር፤ የከዳት መቀመጫው ነው። ከጨርቁ ሥር ፕላስቲኩ ለሁለት ተሰንጥቋል።»

«አዲስ ነበር እኮ» አለች እናትየው።

«ስፌቱ ውስጥ የመስታወት ስባሪ አገኘሁ። ያንቺ መኪና መስታወት ደግሞ አልተሰበረም። ስለዚህ መቀመጫው ከዚህ በፊት ሌላ መኪና ውስጥ ተጋጭቷል። የተጋጨ መኪና የት ነው የሚወሰደው?»

ወደ መካኒኩ ዞራ አላየችም። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሳ።

«ከተገለበጠ መኪና ላይ ነው የፈታሁት» አለ። «በእጄ አጠብኩት። ለሰው መኪና ከተጋጨ መኪና የወጣ ፍሬን ገጥሜ አላውቅም፤ ይሄ ግን ሞተር የለው፣ ምን ይበላሻል አልኩ።»

«አንዴ ከተጋጨ አለቀለት» አለች መርማሪዋ በደከመ ድምፅ። «ከላይ ደህና ይመስላል።»

«መቀመጫው ላይ ልጅ ነበር?» ጠየቀች እናትየው።

«ነበር፤ ወንድ ልጅ። መኪናው ሦስቴ ተገልብጦ ጭረት እንኳ አልነካውም። ለዚህ እኮ ነው ለሷ የመረጥኩት።»

እናትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። ለመጮህም ለመማታትም ጉልበት አልነበራትም።

«እንኳን ልጁ ተረፈ» አለች፤ አደጋው ከደረሰ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።